የደበዘዘው ፊት

ቆቦ ላይ የታሰርንበት ክፍል የእህል መጋዘን ነበር። ማሽላው ከወጣ ቢቆይም አቧራው አልወጣም፤ ገና ስገባ አስነጠሰኝ።

«ይማርህ ወንድሜ፣ እኛም እንዲሁ ነው የጀመርነው» አለኝ በሩ ሥር የተቀመጠ የሮቢት ባጃጅ ሹፌር። ሳልወድ ሳቅሁ።

እሱን ያሳሰረው አንድ ፎቶ ነው፤ በሞተር ብስክሌት የሚበር ተፈላጊ ሰው ከሩቅ የተነሳበት፣ ፊቱ የደበዘዘ። መርማሪው «አንተ ነህ» ይለዋል፤ እሱ «ወላሂ አይደለሁም» ይላል። ከታሰረ በኋላ ሚስቱ ወልዳለች። «ስሙን አንተ ወጥተህ ታወጣለህ» ብላ ልጁን ያለ ስም ታቅፋ ትጠብቃለች።

አንድ ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ስያዝ የወሰዱብኝ ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ዩኒቨርሲቲ የደበዘዘ ፎቶ ማጥራት ታስተምራለህ አሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ይህን አጥራና ፈርምበት፤ ነገ ቤትህ ትገባለህ።»

ቤቴ በጣም ናፍቆኝ ነበር። ቢሆንም ሥራውን አስረዳሁት። መጀመሪያ አንድ ፊት እንገምታለን። የገመትነውን አደብዝዘን ከፎቶው ጋር እናስተያያለን፤ ልዩነቱን አርመን እንደገና እንሞክራለን። መነሻው ላይ አጥብቀን ካመንን፣ የሚወጣው ያመንነው ነው።

መዝገቡ ላይ ካለው ፎቶ የሹፌሩን ፊት ወስጄ መነሻ አደረግሁ። ከደበዘዘው ፎቶ የሹፌሩ ፊት ጠርቶ ወጣ። መርማሪው ፈገግ አለ።

«አሁን መታወቂያዎን ያውሱኝ» አልኩት። መታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ ላፕቶፑ ውስጥ አስገባሁ።

የእሱን ፊት መነሻ ሳደርግ፣ ከዚያው ፎቶ ራሱ መርማሪው ሞተር ላይ ተቀምጦ ወጣ። ሁለቱንም መልሼ ሳደበዝዛቸው ከመጀመሪያው ፎቶ ልዩነት አልነበራቸውም።

መርማሪው ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አለ። «ታዲያ የትኛው ነው?»

«ፎቶው አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። በማላውቀው ነገር ላይ ስሜን አልፈርምም።»

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። ሹፌሩ በሳምንቱ ተፈታ፤ እኔ ቆየሁ። ግን ያን ሳምንት ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

አሁን ቆቦ በሄድኩ ቁጥር ከመናኸሪያ የሚወስደኝ ያ ሹፌር ነው። ባለፈው ልጁ ሲሮጥ ያነሳውን ፎቶ አሳየኝ፤ ፊቱ ደብዝዟል።

«አቦ መምህር፣ ይቺን አጥራልኝ። አደራ፣ መርማሪውን እንዳታወጣብኝ!»

ተሳሳቅን። ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ የእጅ ሰዓቴን ይነካካል። ልጁ ራሱ እዚሁ ካለ ግምት ምን ያደርጋል ብዬ ስልኬን አወጣሁና አባቱ ወጥቶ ባወጣለት ስም ጠራሁት። ቀና አለ፤ አነሳሁት።