አሮጌ ማሰሮ፣ ትኩስ ገንፎ

ያስገቡኝ ልደታ አካባቢ፣ ምልክት የሌለው ግቢ ውስጥ ነው። በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ስለ ምርጫው በተናገርኩት ነበር የወሰዱኝ። ክፍሏ መስኮት የላትም፤ ሲሚንቶው እርጥብ ነው፤ ሽንት ሽንት ይሸታል። ብቻዬን ነበርኩ። ሰው ከመናፈቄ የተነሣ የሚቆጣኝ እንኳ ቢመጣ ደስ ባለኝ።

ሥራዬ የጥንት ሸክላ በፊዚክስ መመርመር ነው። ሸክላ እሳት ሲገባ ያጠራቀመውን ጉልበት ያራግፋል። ከዚያ ወዲህ ከአፈር የሚወጣ የጨረር ጉልበት ቅንጣቶቹ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይጠራቀማል። ከሥሩ ዱቄት ፍቄ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳሞቀው ያንን በብርሃን ይመልሰዋል፤ ብዙ ካበራ አሮጌ ነው።

አንድ ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ማሰሮ ተቀምጧል። አገላብጬ ሥሩን አየሁት፤ ለናሙና የበሳኋት ቀዳዳ አለች። ከመታሰሬ በፊት መርምሬዋለሁ። የጥንት ቅርስ ነው፤ ከአገር መውጣት አይፈቀድለትም።

«አዲስ ነው በል» አለኝ። «የሚፈልገው ሰው ይዞት ይሄዳል፤ አንተም ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። ሚስትህ ወሯ ገብቷል አሉ።»

የመጀመሪያ ልጃችን ነበር።

«ብርሃኑን በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩት።

«ካንተ ሌላ ማን አየ?»

«ማንም። አሮጌ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው አንተም እዚሁ አርጅ!»

ማሰሮውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ መሃል ገፋ አድርጌ ወጣሁ። ቢወድቅ አንጀቴ አይችልም።

በዚያው ሳምንት እህቴ በር ላይ የምታቀብለው ምሳ ዕቃ ገባልኝ። ስከፍተው ገንፎ ነው፤ መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬ። እኛ ቤት ያለ ወሊድ ገንፎ አይገነፋም። ወለደች ማለት ነው! ለማን ልንገር? ዞር ዞር ብል ግድግዳ ነው። ተነሥቼ እልል አልኩ። ወንድ ይሁን ሴት ስላላወቅሁ ስንቴ ብዬ እንደማቆም ጨነቀኝ።

«አንተ! አብደሃል?» አለ ጠባቂው ከውጭ።

«ሚስቴ ወልዳለች!»

በሩን ተጠጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንኳን ማርያም ማረቻት» አለኝ በበሩ ስንጥቅ። ኮቴው ሲርቅ ሰማሁ። ገንፎውን ብቻዬን፣ እያለቀስኩ በላሁት።

ሴት ነበረች። ስፈታ ድክ ድክ ትላለች፤ አይታኝ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። ዛሬም ባለቤቴ ስትናደድብኝ «አዲስ ነው ብትላቸው ምን ነበረበት?» ትለኛለች። እኔንም ያንገበግበኛል። ማሰሮው የት እንደደረሰ እንኳ አላውቅም።

ግን አሮጌ ነበር።