ፀሐይ በሞቀ ባትሪ ድንጋይ የቀዳነው ዜማ

ኮቦ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ የጋሽ ታደሰ ሬድዮና ቴፕ መጠገኛ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ካቻቢቴ ላነሳ ስል እጄን ቸብ አደረጉኝ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ያልመጣልኝ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ደሜ ፈላ። እሳቸው ግን ሆዱ የተከፈተ ሬድዮ ፊቴ አስቀመጡና «ይመር፣ መጀመሪያ ምን እንደሚል ስማው» አሉኝ።

«ሽሽሽ ይላል» አልኩ።

«የታመመ ሬድዮ ሁሉ ሽሽሽ ይላል። ይኼንንማ መንገደኛም ይነግረኛል። ድምፁን ስትቀንሰው ሽሽሽታው አብሮ ይቀንሳል ወይስ ባለበት ነው?»

ቀነስኩት። ባለበት ነው። «እንግዲያው ሕመሙ ከድምፅ መቀነሻው በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን አትነካካ» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ብዙ ጊዜ ከመስማት በቀር ሌላ ሥራ አልሰጡኝም። ቀስ በቀስ ካሴቱን የሚያነበውን የቴፕ ሄድ በአልኮል ጠራጊ ሆንኩ፣ ቀጥሎ ላስቲክ ቀያሪ፣ ከዚያ በያጅ። ረዳት ብለው ለደንበኛ ያስተዋወቁኝ፣ የቴፕ ሞተር ድምፅ ሰምቼ ቴፑን ሳልከፍት ሕመሙን ስነግራቸው ነው።

ጠዋት ጠዋት ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ማስሞቅም የኔ ድርሻ ነበር። በደርግ ጊዜ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም። ከጎብዬና ከሮቢት የሚመጣ ገበሬ ሬድዮው ሲደክምበት ድንጋዩን አይጥለውም፤ ቆርቆሮ ላይ ደርድሮ ፀሐይ ያስመታዋል። ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ከዚያ መልሶ ይደክማል። የኮቦ ፀሐይ ለምን ትበጃለች ቢሉኝ ለማሽላና ለባትሪ ድንጋይ እላለሁ።

ሰዒድን ያወቅሁት ረዳት ከሆንኩ በኋላ ነው። እናቱ እትዬ ዘሃራ በኮቦና በዋጃ ገበያ ማሽላ ይነግዳሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከሰዒድ ሌላ ልጅ የሌላቸው ሴት ነበሩ። ሰዒድ ጅዳ ሠርቶ ሲመለስ አንድ ቴሌቪዥንና ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚገጠም የኤሌክትሪክ ጨዋታ ይዞ መጣ። ያኔ የቴሌቪዥን ሞገድ እኛ ዘንድ አይደርስም፤ ስለዚህ ያ ቴሌቪዥን ከጨዋታው በቀር የሚያሳየው ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ጨዋታውን በፎጣ ጠቅልሎ ሱቃችን መጣ። የከተማው ጄነሬተር ጉልበቱን ሽቅብ ሲወረውረው አዳፕተሩን አቃጥሎታል።

«ይኼ ደግሞ ምን ይሠራል?» አሉት ጋሽ ታደሰ።

«ውስጡ ትንሽዬ ሰው አለ ጋሼ። ይሄዳል፣ ይዘላል፣ ገደል ገብቶ ይሞታል፣ ደግሞ ይነሳል።»

«ታድሎ!» አሉት።

ከወደቀ ሬድዮ ትራንስፎርመር ፈትቼ አዲስ አዳፕተር ሠራሁለት። ማታ መብራት ሲመጣ እቤታቸው ሄጄ ገጠምኩትና ሙቀቱን ልፈትሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አዳፕተር ሲፈተሽ ቶሎ አይነሱም፤ እስኪግል ይጠበቃል። እዚያ ስጠብቅ ነው ዜማውን የሰማሁት። ወላሂ እላችኋለሁ፣ ጨዋታውን አላየሁትም። ጆሮዬ ብቻ ቀረ።

ከአንዲት ጭብጥ ከምታህል ሣጥን ሦስት ድምፅ ይወጣል፤ ቀጭን፣ መካከለኛ፣ ወፍራም። ከሥር ደግሞ ወንፊት እንደሚነፋ ሽክ ሽክ የሚል አለ። ከበሮው እሱ ነው። በዚህች ብቻ ይኼን ሁሉ ሰው የሚያስደስት ዜማ የሠራው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባገኘው እጁን እስመው ነበር።

ለወጣቶች የምመክረው ይኼን ነው፤ የጨዋታ ዜማ ስትሰሙ ተጫዋቹን ተዉትና ዓይናችሁን ጨፍኑ። እኔ ስም አውጥቼላቸው ነበር። «የመነሻው» ማንም ምንም ሳይነካ የሚጫወተው ነው፤ ደስ ይላል ግን ይቸኩላል። «የዋሻው» ጥቂት ድምፅ ብቻ አለው፣ መሐል መሐል ዝም ይላል። ጋሽ ታደሰ አንድ ማታ እነሰዒድ ቤት አብረውኝ ሄደው ሲሰሙት «ይኼ ዝም ማለት የሚያውቅ ሰው የሠራው ነው» አሉ፤ ከሳቸው አፍ ከዚህ በላይ ምስጋና አይወጣም። ከሁሉ የኔ «የበረሃው» ነበር። ወፍራሙ ድምፅ ጨው እንደጫነ ግመል ሳይቸኩል ይራመዳል፣ ቀጭኑ ከላይ አንዳንዴ ብቻ ይመልስለታል። ስሰማው ሆዴ ይባባ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

አራተኛው፣ ትንሹ ሰው ሲሞት የሚሰማው፣ «የሽንፈቱ» ነው። ከላይ ወደ ታች እየተንከባለለ ያልቃል። ሰዒድ አብዝቶ የሚሰማው እሱን ስለሆነ በፉጨት ለመደው፤ ከሱም ገበያው ለመደው። ዋጋ ተከራክሮ የተረታ ነጋዴ ዘወር ሲል ከኋላው የሽንፈቱ ይፏጭለታል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ነገሩ አሳስቧቸው ጥበቃ አስከትለው መጡ። «ከዘሃራ ቤት የሚወጣው ምልክት ለማን ነው?» አሉ። ሰዒድ መጫወቻውን እጃቸው ላይ አኖረላቸው። ወዲያው ገደል ገቡ፣ የሽንፈቱ ተጫወተ። ፊታቸው ተለዋወጠና «ማነው የሚስቅብኝ?» አሉ። ትንሽ ቆይተው «እስቲ አንዴ ድገመው» አሉ፤ ያን ማታ ራታቸውን እዚያው በሉ።

እኔ ግን ዜማውን ሱቅ ውስጥ፣ መብራት በሌለበት ሰዓት መስማት አማረኝ። «በካሴት እንቅዳው» አልኩት ሰዒድን። ቴፑን በመብራት ካሠራነው የጄነሬተሩ እምምምታ አብሮ ይቀዳል፤ ስለዚህ በድንጋይ መሆን አለበት። አዲስ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ፀሐይ የሞቀውን ይዤ ሄድኩ። ቴሌቪዥኑን ከቴፑ የምናገናኝበት ገመድም ስላልነበረን ቴፑን ቴሌቪዥኑ ፊት አቁሜ በራሱ ማይክ ለቀቅሁት።

«አደራ፣ አትናገር» አልኩት።

«አብሽር፣ ትንፍሽ አልልም» አለኝ።

ምን ዋጋ አለው! ሰዒድ ሳያወራ መጫወት አይችልም። «ና ወንድሜ፣ ና፣ አትፍራ አቦ! ዝለል!» ይለዋል ያን ትንሽ ሰው። እጄን ባወናጭፍ፣ በዓይኔ ብቆጣ አልሰማኝ አለ። የበረሃው ላይ ስንደርስ ይባስ ብሎ እናቱ ከጓሮ «ሰዒድ! ራቱ ቀዘቀዘ እኮ!» ብለው ተጣሩ። እሱም ጮክ ብሎ መለሰላቸው። ቴፑን ዘጋሁትና «ያንተ አፍ መቼ ነው የሚያርፈው?» ብዬ ጮህኩበት። ሳቀብኝ።

በማግሥቱ ሱቅ ውስጥ ከደንበኛ ሬድዮ በተዋስኩት ደኅና ድንጋይ ስከፍተው ሌላ ጉድ። መጀመሪያው ደኅና ነው፤ እየቆየ ዜማው ይፈጥናል፣ ይቀጥናል፣ መጨረሻው ላይ ሰዒድ እንደ ጫጩት ጭው ጭው ይላል። ስንቀዳ ድንጋዩ እየደከመ ሄዶ ቴፑ ዝግ ብሎ ይዞር ነበር፤ አሁን በልኩ ሲዞር የዚያኑ ያህል ሮጠ። ጋሽ ታደሰ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ሰዒድ «ተወው ይመር፣ እንደገና እንቀዳዋለን» አለኝ። እኔም ካሴቱን መደርደሪያ ላይ ወረወርኩት።

እንደገና አልቀዳነውም። ሰዒድ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። መኪና ላይ ሲወጣ እንኳ የሽንፈቱን እያፏጨ ነበር፤ እናቱን ሊያስቅ ብሎ ነው። ጨዋታውን ደግሞ እሱ በሄደ ማግሥት ገደማ ጄነሬተሩ ጨርሶ አቃጠለው። ዋናው ክፍሉ ነው የነደደው፤ ከፍቼ አየሁትና ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

መርዶው በክረምት መጣ። ኮቦ ሙስሊም ክርስቲያኑ እትዬ ዘሃራ ደጅ ተቀመጠ።

ሐዘኑ ከተነሳ ከብዙ ጊዜ በኋላ እትዬ ዘሃራ ሱቃችን ገቡ። ጋሽ ታደሰ ከወንበራቸው ተነሱላቸው። አልተቀመጡም።

«ይመር ልጄ፣ ፊቱን አየዋለሁ፣ አረማመዱን አየዋለሁ፤ ድምፁ ግን ጠፋብኝ» አሉኝ። «ሌሊትም ቀንም እፈልገዋለሁ፣ አልመጣልኝ አለ። ያን ማታ በቴፕ ስትቀዱ ይለፈልፍ አልነበረም? በአላህ፣ አለህ ወይ?»

ካሴቱ ነበር። ግን ምን ብዬ ልክፈትላቸው? የጫጩት ድምፅ ላሰማቸው? ያ ድምፅ አንዴ ጆሯቸው ከገባ የቀረውንም ትዝታ ያጠፋባቸዋል። «ትንሽ ተበላሽቷል እትዬ፣ ላስተካክለው፤ እስከዚያ አይስሙት» አልኩ። «ድምፁ የሌላ ሰው እንዳይሆንብኝ» ብለውኝ ሄዱ።

የቴፕ ሞተር ከኋላው ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ውስጧ ያለችውን ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ ስታዞራት ፍጥነቱ ይለወጣል። አንዴ አስተካክለህ የምትተዋት ብሎን ናት። እኔ ግን ካሴቱ እየፈጠነ በሄደ ቁጥር እሷን እየቀነስኩ፣ የወጣውን በገመድ ወደ ሌላ ቴፕ መቅዳት ነበረብኝ። ምን ያህል ልቀንስ? የሰዒድን ድምፅ እኔም በልኩ አላስታውሰውም፤ ሰው ሲቆጣና ሲስቅ ድምፁ ይለያያል። ዜማው ግን አይለያይም። ያ ሣጥን ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ልክ ነበር የሚጫወተው። የበረሃውን ደግሞ ደሜ ውስጥ ነው የማውቀው። ዜማው ልኩ ከመጣ፣ ከሥሩ የሚናገረው ሰውም ልኩ ይመጣል ማለት ነው።

ጋሽ ታደሰ አዲስ ድንጋይ ከየት እንዳመጡ አልነገሩኝም። ሱቁን ዘግተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ቀጠነ» ይሉኛል፤ እቀንሳለሁ።

«አሁን ወፈረ፣ ግመሉ ተኛብህ!» ይሉኛል፤ እመልሳለሁ።

ስንት ጊዜ እንደደጋገምነው አላህና እግዜር ይወቁት። ያቺ ብሎን በጥፍር ጫፍ ያህል ብታልፍ ሰውየው ይለወጣል። በመጨረሻ የበረሃው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቸኩል ተራመደ። ጋሽ ታደሰ ትከሻዬን ያዝ አድርገው ሱቁን ከፈቱ።

እትዬ ዘሃራን አስጠራናቸው። የሻሻቸውን ጫፍ ይዘው ቴፑ ፊት ተቀመጡ። «ና ወንድሜ፣ ና፣ አትፍራ አቦ!» ሲል ፈገግ አሉ። «እሱ ነው» አሉ፣ «እሱ ነው ልጄ።» የበረሃው ገባ። ከዚያ የራሳቸው ድምፅ ከሩቅ መጣ፦ «ሰዒድ! ራቱ ቀዘቀዘ እኮ!»

«መጣሁ እማ፣ ይህችን ብቻ ልጨርስ!»

ቴፑ ቀጥ አለ። እኔ ያን ማታ ተናድጄ የዘጋሁት እዚያ ላይ ነበር።

እትዬ ዘሃራ ቴፑን እያዩ «ጨርስ ልጄ» አሉት። «ቀስ ብለህ ጨርስ።»

ካሴቱን ጉያቸው ከትተው ወደ ገበያቸው ሄዱ። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ብሎኗን ወደ ልኳ መለስኩና የአንድ የሮቢት ገበሬ ሬድዮ ከፈትኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀድቻለሁ፣ ብዙ ተለማማጅም አስተምሬያለሁ። የምነግራቸው ይኼንኑ ነው። ስትቀዱ አዲስ ድንጋይ ክተቱ። አጠገባችሁ የሚያወራ ሰው ካለ፣ ዝም አታሰኙት።