ክሎሪን የደበቃቸው አሥራ አንድ ቀናት

አባቷ ፈሪ ነበር ወይስ ደፋር? ብዙ ሰው ጠይቋታል፤ ልጁ ግን እስከ ዛሬ ቁርጥ ያለ መልስ የላትም። ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር አብራው ኖራለች። ሳሉን ከሺህ ሰው ሳል ትለያለች። ይህን ግን አታውቅም።

ሰፈሩ «ክሎሪን» ይለው ነበር። ስሙን ያወጣለት ከቤታቸው ፊት ለፊት የሚሠራው ፀጉር አስተካካይ ነው። ክሎሪን በከተማው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ጀርም ገዳዩን ነጭ የክሎሪን ዱቄት በሚዛን ይመዝናል፤ በርሜል ውስጥ በረጅም እንጨት ያማስለዋል፤ ከዚያ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ትልቁ ገንዳ እንዲወርድ ቧንቧውን በጥቂቱ ይከፍታል። በየሁለት ሰዓቱ ከገንዳው በብርጭቆ ይቀዳና አንዲት ትንሽ እንክብል ይጥልበታል። ውሃው ሮዝ ሲሆን ከቀለም ሰሌዳ ጋር ያስተያየውና ቁጥሩን መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ሥራው ይኸው ነው። ጥቁር ልብስ ኖሮት አያውቅም፤ ቢገዛም ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል። «አባትሽን ልብስ አጣቢ አድርገን ብንቀጥረው ያዋጣናል» ይላት ነበር ፀጉር አስተካካዩ። ያኔ ሁሉም ይስቃል፤ ክሎሪንም ይስቃል።

ሳቁ የቆመው የድምፅ መልእክቱ ከስልክ ወደ ስልክ መዞር የጀመረ ሳምንት ነው። አንዲት ሴት ናት። ስሟን አትናገርም፤ ነርስ ነኝ ትላለች፤ እያለቀሰች ነው የምታወራው። መንግሥት ሕዝቡ በዛብኝ ብሎ የቧንቧ ውሃው ውስጥ ፅንስ የሚያስወርድ መድኃኒት እያስጨመረ ነው፤ እህቶቼ፣ በልጆቻችሁ ይሁንባችሁ፣ አትጠጡ። በዚያው ወር ከሰፈሩ ሁለት ሴቶች አስወረዳቸው። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ማስረጃ ይጠይቃል?

የክሎሪን ልጅ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ዓምና አንዱን በአምስት ወሩ አጥታለች። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። እናቷ ከሞተች ቆይታለች። መልእክቱን መኝታ ክፍሏን ዘግታ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስድስት ጊዜ ሰማችው። ስድስተኛውን እየሰማች አባቷ ከሥራ ገባ። ኮቱን ሲሰቅል ያ የምታውቀው ሽታ በበሩ ሥር ገባ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የአባቷ ሽታ ማለት እሱ ነበር። ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

ከዚያን ቀን ወዲህ የቧንቧ ውሃ በአፏ አልዞረም። እንደ ሰፈሩ ሰው ከጡብ ማምረቻው ጀርባ ካለው አሮጌ ጉድጓድ መቅዳት ጀመረች። ውሃው ኩልል ያለ ነው፤ ቅዝቃዜው ጥርስ ይነቅላል።

«ይሄ መንግሥት የማያውቀው ውሃ ነው» ትላለች አንዷ ገመዱን እየጎተተች።

«ዝም በይ! ከሰማ ነገ ቆጣሪ ይተክልበታል።»

ይሳቃል። ከዚያ አንዷ ዞር ትላለች። «አንቺዬ፣ አባትሽን ለምን አትጠይቂልንም? እሱ አይደል የሚጨምረው?» ሁሉም ያዩዋታል። ጀሪካኗን ሳትሞላ ትመለሳለች።

አልጠየቀችውም። እሱን ፈራች፤ ለእሱም ፈራችለት። አንድ ጧት የግቢው በር ላይ በከሰል «ነፍሰ ገዳይ» ተብሎ ተጽፎ አገኘች። እሱ ሳያየው በእርጥብ ጨርቅ አጠፋችው። ጨርቁን ያራሰችው ከቧንቧ ስለነበር እጇን ደጋግማ በቀሚሷ ጠረገች።

ሐሙስ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ ኮቱን አላወለቀም።

«እናቴ፣ ከዚያ ጉድጓድ መጠጣት አቁሚ» አላት።

«ለምን?»

«በጠርሙስ ቀድቼ ላቦራቶሪ አስመረመርኩት። የጡብ ሠራተኞቹ ሽንት ቤት ሰርጎ ገብቶበታል። ለጤነኛም አይሆን፣ እንኳን ለአንቺ።»

ከማክሰኞ ጀምሮ ሆዷን ይቆርጣት ነበር፤ የዚያን ዕለት ጎሕ ከቀደደ እንኳ አራት ጊዜ ሽንት ቤት ተመላልሳለች። አልነገረችውም። የቧንቧው መርዝ ከሰውነቴ እየወጣ ነው ብላ ነበር የምታስበው።

«እንዲህ በላት ያለህ ማነው?»

«ማን ይለኛል?»

«አለቆችህ ናቸዋ!»

«ልጄ፣ በእናትሽ አፅም...»

«በሷ አትማልልኝ! አባዬ፣ በሷ አትማልልኝ!»

ያን ጊዜ ነው የዚያ ክረምት ድስት ትዝ ያላት።

«የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት፣ ወንዙ ጭቃ ይዞ የመጣ ጊዜ፣ ሬዲዮው ውሃው ንጹሕ ነው ይል ነበር። አንተ ግን ትልቁን ድስት ጥደህ የምንጠጣውን ታፈላ ነበር። ምነው ስልህ፣ እንዲሁ ነው አልከኝ። ለምን ነበር የምታፈላው?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እንዳትመልስ፣ እንዳትመልስ ትል ነበር በሆዷ።

«ዱቄቱ አልቆ ነበር» አለ። «መጋዘኑ ባዶ። ኃላፊው ጠራንና፣ ይህ ከወጣ ሕዝቡ ይደናገጣል፣ ቁጥሩን እንደ ወትሮው ሙሉ አለን። ሞላሁ። አሥራ አንድ ቀን፣ በየሁለት ሰዓቱ፣ በዚህ እጄ።»

«የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ሆስፒታል የተኛችው ያኔ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ዘጠኝ ቀን!»

«አውቃለሁ አልኩሽ!» ጮኸ። ወዲያው ወደ መስኮቱ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጠይቃት ሄጃለሁ እኮ። ብርቱካን ይዤ።»

የዚያች የነርሷ ድምፅ እንኳ እንዲህ አላስፈራትም። በአንድ ገበታ የሚበላ አባቷ ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ ኖሯል። ግን አሁን አመነችው። ይህን ያህል ጉድ በራሱ ላይ የሚያወጣ ሰው ስለ አንድ ጉድጓድ ምን ብሎ ይዋሻል?

«አሁንስ? ምን እየጨመርክ ነው?»

«ዱቄቱን ነው። ሌላ ነገር በዓይኔ አላየሁም፤ በእጄም አልነካሁም።»

ከቧንቧው ቀድቶ አፈላላት፤ ጨውና ስኳር በጠበጠበት። ጠጣችው።

«ጉድጓዱ ጋ ያሉትስ?» አለችው።

«ሄጄ ተበክሏል እላቸዋለሁ።»

«አያምኑህም። እኔ ልጅህ እንኳ ያንን እስክትነግረኝ መች አመንኩህ?»

ምን እንደምትለው ገባው። «ያንን ከነገርኳቸው ይገድሉኛል። እነሱ ቢተዉኝ መሥሪያ ቤቱ አይተወኝም። እኔ ታስሬ አንቺ ብቻሽን ልትወልጂ ነው?»

እሷም ፈርታ ነበር። በቃ ተወው፣ ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አላለችም።

ሦስት ሰዓት ላይ ሄደ። ግድግዳ እየተደገፈች ተከተለችው። ጉድጓዱ ጋ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰልፏል፤ ፀጉር አስተካካዩም ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ቆሟል።

«ጋሽ ክሎሪን! ዛሬ ስንት ማንኪያ ጣል አደረግህልን?» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

ክሎሪን ነገራቸው። መጀመሪያ አሥራ አንዱን ቀን፣ ቀጥሎ የጉድጓዱን። ድምፁ ከማነሱ የተነሳ ከኋላ አንዱ «አይሰማም! ከፍ አርገው!» ብሎ ጮኸ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ያንኑ ኃጢአቱን ሁለተኛ ጊዜ፣ ጮክ ብሎ።

ፀጉር አስተካካዩ ጠጋ አለው። አንገትጌውን ጨምድዶ ያዘው።

«ብርቱካን ይዘህ መጣህ» አለው በሹክሹክታ። «ብርቱካን!»

ዓይኗን ጨፈነች። የምቱን ድምፅ ጠበቀች፤ አልመጣም። ስትገልጥ ፀጉር አስተካካዩ ሁለቱንም ጀሪካኖች በእግሩ ጠልዞ፣ ውሃው እየፈሰሰ፣ ወደ ሱቁ እየሄደ ነበር። አምኖት ይሁን ተቃጥሎ፣ አልታወቀም። አራት አምስት ሴቶች የቀዱትን ደፍተው ተከተሉት። አንዲት ነፍሰ ጡር ግን አልተነቃነቀችም። «ዛሬስ ማን ልኳቸው ነው? ጉድጓዱን ሊዘጉብን ነዋ!» አለችና ባልዲዋን ወደ ውስጥ ለቀቀችው። የቀሩትም ተራቸውን ጠበቁ።

ቤት ሲመለሱ ክሎሪን ጫማውን አላወለቀም። አንድ ሸሚዝና ፎጣ በፌስታል ቋጥሮ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ወንበሩን ወደ ግቢው በር አዙሮ ተቀመጠ። መኪና ባለፈ ቁጥር ይነሳል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። እሷ አጠገቡ ፍራሽ ላይ ተጋድማ የጨውና የስኳሩን ውሃ ትጎነጫለች። ከቀትር ወዲህ ቁርጠቱ ቀለል አለላት። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሕፃኑ ተገላበጠ።

«አባዬ፣ ረገጠኝ!»

«እሰይ» አለ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል።

ትንሽ ቆይቶ አንድ መኪና በራቸው ላይ ቆመ። በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ ሰሙ። ክሎሪን ፌስታሉን ይዞ ብድግ አለ። እሷ እጁን ያዘችው። ውጭ አንድ ሰው ጡብ ማምረቻው በየት እንደሆነ ሲጠይቅ፣ አንዱ ሲያሳየው ተሰማ። መኪናው ሄደ።

ክሎሪን ተቀመጠ። እጁን ከእጇ አላወጣም። ጥቂት ቆይታ ቀና ስትል የሌሊቱ እንቅልፍ ጥሎት፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ፣ ፌስታሉ ከጭኑ ተንሸራቶ አየች። ልትጠራው ፈለገችና ተወችው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ተመለከተች፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር።