የአክስቴ ግራ ዓይን

ላሊበላ ላይ ለእንግዳ እስል በነበረበት ጊዜ ፍርሃት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ሆቴሎቹ አጠገብ ካለችው ጠባብ ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ፣ በባጃጅ የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም እያልኩ፣ አንዱን ቅዱስ ጊዮርጊስ ስጨርስ ሌላውን እጀምራለሁ። ፈረሱ ነጭ፣ ዘንዶው አረንጓዴ። ገዢው ጠቅልሎት ይሄዳል። የት እንደሚሰቅለው እኔ አላይም፤ ጦሩ ቢጣመም እሱ አይታወቀውም። እጄ እኔን ሳይጠይቅ ይሠራ ነበር። ይህንን ጥበብ ብዬ ስኮራበት ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ልማድ ነበር።

ከዚያ ክፉው የጦርነት ጊዜ መጣና እንግዳው ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ዝም አለ። ፍላቂት አጠገብ ባለው መንደራችን ገብስ እያረሱ የሚኖሩት የእናቴ ታላቅ እህት አንድያ ልጃቸው የት እንዳለ ሳያውቁ ከረሙ። ቢጨንቃቸው ለሰፈራችን ኪዳነ ምሕረት ተሳሉ፤ ልጄን በሕይወት ብታመጪልኝ ሥዕልሽን አሠርቼ አስገባለሁ አሏት። ልጁ ከስቶና ጠቁሮ፣ ግን በእግሩ መጣ። መንገዱ እንደተከፈተ አክስቴ በሚኒባስ ላሊበላ ድረስ መጥተው ነጭ አቡጀዲ ጭኔ ላይ አስቀመጡ።

“ሌላ ሠዓሊ አልሻም። ከእግሯ ሥር እኔንም ታደርገኛለህ፣ እንደ ደንቡ” አሉኝ። ሥዕል ያሠራ ሰው ከሥዕሉ ግርጌ መሳሉ በእኛ ዘንድ የቆየ ነገር ነው።

ፍርሃቴ የጀመረው ያን ቀን ነው። ይህን ሥዕል ጠቅልሎ የሚሄድ የለማ! እናቴ በየበዓሉ ትሳለመዋለች፣ የክርስትና አባቴ ፊቱ ቆመው ይጸልያሉ፤ የእመቤታችን አንድ ጣት ቢያጥር መንደሩ እስክሞት ያነሳብኛል። አቡጀዲውን በሙጫና በነጭ ቀለም ቀብቼ ካደረቅሁ በኋላ ሰበብ መፈለግ ያዝኩ። ብሩሹ አርጅቷል፤ ዛሬ ደመና ነው፤ ቀለሙ ከወልድያ ይምጣ። ቀለሙ ሲመጣ ደግሞ ሱቁን መጥረግ አማረኝ። ጎረቤቴ ሁኔታዬን አይቶ “ታመሃል እንዴ?” አለኝ። አልተሳሳተም።

በዓሉ ሲቃረብ የግዴን ገባሁበት። የእመቤታችንን ልብስ ሰማያዊ አደረግሁ፣ ልጇን በግራ ክንዷ አሳቀፍኳት፣ መላእክቱን ሰይፍ አስይዤ ግራና ቀኝ አቆምኩ። ዓይን የሚገባው በመጨረሻ ነው። ትንፋሼን ይዤ የእሷን አስገባሁ፣ የልጇን፣ የመላእክቱን። ምንም አልተበላሸም። ተገላገልኩ ብዬ ደስ ስላለኝ የአክስቴን ፊት ብዙም ሳላስብበት ጨረስኩና ሥዕሉንና ቀለሞቼን ይዤ ወደ መንደር ሄድኩ።

ግቢያቸው ውስጥ ዘረጋሁላቸው። እመቤታችንን አይተው እልል አሉ። ዝቅ ብለው ከእግሯ ሥር ያለችውን ሴት አዩና በጣታቸው ጠቆሟት።

“ይህች ደግሞ ማን ናት?”

“እርስዎ ነዎት እኮ፣ እትየ።”

“እኔ መች ሁለት ዓይን አለኝና!”

የግራ ዓይናቸው በልጃገረድነታቸው በእሾህ ተወግቶ ጠፍቷል። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። እጄ ግን ያደገው በሥዕል ሕግ ነው። ደግ ሰው ሙሉ ፊቱን ይዞ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ያያል፤ ሰይጣንና ጌታን የገረፉት በጎን ስለሚሳሉ አንድ ዓይን ብቻ ይደርሳቸዋል። አክስቴ ደግ ስለሆኑ እጄ ዓይን ሰጣቸው።

“በአንድ ዓይን ብስልዎት ሕዝቡ ከክፉዎቹ ጋር ይቆጥርዎታል” ብዬ ለመንኳቸው።

“ሕዝቡ ምን ያረገኛል? እኔ የጨነቀኝ የእሷ ነው። ይህን ጎዶሎ ፊቴን ይዤ ነው የለመንኳት። አሁን ዝቅ ብላ ይህችን ቆንጆ ብታይ ከየት ታውቃታለች? ስለቴን ለሌላ ሴት ትቆጥረዋለች እኮ!”

ሳቄ መጥቶ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን ተውኩት፤ የምራቸውን ነው።

በማግስቱ፣ በበዓሉ ዋዜማ፣ በርጩማ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸውና ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። የሳልኩትን ዓይን በፊታቸው ቀለም ሸፈንኩ። ከዚያ ዝጉን ዓይን ልሥል ስል እጄ ቆመ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳናግራቸው የማየው ቀኝ ዓይናቸውን ነበር፤ ግራውን ማየት ነውር ይመስለኛል። ሠዓሊ ነኝ ስል የኖርኩት ሰውዬ አንድም ሰው ትክ ብዬ አይቼ ሥዬ አላውቅም! አፈርኩ። ጦር ማጣመም፣ ጣት ማሳጠር፣ ሰው ምን ይለኛል፣ ያ ሁሉ ፍርሃት ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ቀላል ነበር።

“እየኝ እንጂ፣ ምን ታቀረቅራለህ?” አሉ።

አየሁ። ቅንድቡ ከቀኙ ዝቅ ብሏል፤ ሽፋኑ ወደ ውስጥ ገብቶ በጥብቅ ተዘግቷል፤ ዳሩ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። እያየሁ እየቀባሁ ስለ ልጃቸው ያወሩኝ ጀመር፤ በሩን ሲያንኳኳ ድምፁን እንዴት እንዳላመኑት ይነግሩኛል። እንባቸው መጣ፣ መጀመሪያ ከቀኙ፣ ቆይቶ ከተዘጋው ሽፋን ሥር። ያ ዓይን ማየት ቢተውም ማልቀስ እንዳልተወ አላውቅም ነበር። ሙሉ ፊታቸውን ወደ እኛ አድርጌ፣ አንዱን ዓይን ገልጬ ሌላውን ዘግቼ ሣልኩ፤ ከተዘጋውም ሥር ያችን እርጥበት አስገባሁ።

በበዓሉ ጠዋት ሥዕሉ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሆኖ መጋረጃው ተገለጠ። ከምሰሶው ኋላ ተደብቄ ቆምኩ። ቄሱ ጧፋቸውን አስጠግተው ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ግርጌው ላይ ሲደርሱ ቆዩ።

“ይህ ዓይን…” ብለው ጀመሩና አጠገባቸው በነጠላ ተከናንበው የቆሙትን አክስቴን አዩ። “ይሳለሙ” አሏቸው።

አክስቴ የእመቤታችንን እግር ሳሙ። ቀጥለው ጎንበስ አሉና በጣታቸው የተሣለውን ዝግ ዓይን ነኩ፣ በዚያው ጣት የራሳቸውን።

“እሰይ” አሉ፤ “አሁን አትስተኝም።”