የጀማል ጉልበት

ይህን ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝኩትም፤ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ቆይቼ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። ለእናንተ ግን ልናገረው።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ የአንድ እግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ነበርኩ። ሙያውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ በቀወት ቀበሌዎች ከበቅሎ የወደቀውን፣ ከዛፍ የተፈጠፈጠውን ሁሉ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። በዚህ እኮራ ነበር። ጉድ ያደረገኝም ያው ኩራቴ ነው።

ጀማል የመሀል ተጫዋቻችን ነበር፤ አባቱ ካራቆሬ አጠገብ ማሾ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። እሱ ኳስ ሲይዝ ቡድኑ ሁሉ ይረጋጋል። እሱ ከሌለ የፈረሰ ገበያ ነን። ወደ ላይኛው ሊግ የሚያሳልፈን የመጨረሻው ጨዋታ አራት ቀን ሲቀረው ልምምድ ላይ ጉልበቱ ዞረ።

አበጠ። ስዳስሰው መጋጠሚያው ከጣቴ ሥር ሲላወስ ተሰማኝ። አባቴ "መጋጠሚያ ከላላ አትሸው፣ አስረህ አስተኛው" ይለኝ ነበር። አውቅ ነበር እኮ! ግን በዚያው ሰሞን አሰልጣኙ "የተማረ ሐኪም ከአዲስ አበባ ማስመጣት አለብን" ሲል ሰምቼው፣ ነገሩ ሆዴን ሲበላኝ ሰንብቷል። አሰልጣኙ ተጫዋቾቹ ፊት "ጋሼ፣ ይደርሳል አይደርስም?" ሲለኝ፣

"በእኔ ይሁንብህ፣ ይደርሳል" አልኩ።

ጀማል ሳቀ። "አንቱ ካሉ እገባለሁ ጋሼ። ወላሂ፣ ጉልበቴን ከኔ ይልቅ አንቱ ያውቁታል።"

በጨዋታው ቀን በፋሻ ጠበቅ አድርጌ ጠቀለልኩትና ገባ። እስከ እረፍት አንድ ለዜሮ መራን። ከእረፍት መልስ፣ ማንም ሳይነካው፣ ሊዞር ሲል ወደቀ። ጩኸቱን ሜዳው ሁሉ ሰማው። ቅያሪ ጨርሰን ስለነበር በአስር ሰው ቀጠልን፤ ሁለት ገባብንና ሳናልፍ ቀረን።

ይህ ብቻ ቢሆን ስህተት ነው ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። በማግስቱ የቡድኑ አመራሮች ቢሮ ጠርተው ሲጠይቁኝ ግን "ተሽሎኛል ብሎ ህመሙን ደብቆኝ ነው" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም። በዚች ቃል ጀማል ማሳከሚያ ተከለከለ፣ ውሉም ፈረሰ። ለእሱ የነገሩት "በጀት የለም" ብለው ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ወረደ። ሰው አሰልጣኙን ረገመ፣ ዳኛ ረገመ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የማየው ሌላ ነበር። መሀሉ ክፍት ነው፤ የቀሩት ልጆችም የተጎዳ እንደሚባረር ስላዩ፣ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ እንኳ "ደህና ነኝ" ይሉኛል። አሞኛል የሚል ተጫዋች የሌለው ቡድን እንዴት ያሸንፋል? እንዲህ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ዋሸሁ፣ ከዚያም ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር ጀማል እያነከሰ ቤቴ መጣ። ዛሬ ካራቆሬ ባጃጅ ይነዳል። ክንዷ የወለቀ ትንሽ ልጁን ታቅፏል።

"የልጄን አጥንት ካንቱ ሌላ ለማን እሰጣለሁ ጋሼ?" አለኝ። ዓይኔ እግሩ ላይ መቅረቱን አይቶ ደግሞ፣ "ይሄ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው፤ ያንቱ እጅ ምን አጠፋ!" አለ።

ክንዷን መለስኩላት። ልቅሶዋን ስታቆም ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመኝ። ያን ጊዜም አልተናገርኩም። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ሊምረኝ የሚችለው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚምረው ነገር እንዳለ አያውቅም።