የፀሐይ ነቁጥና የደንዲ ዝናብ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

አስኮ መናኸሪያ ስደርስ ገና እየነጋ ነው። የጥር ብርድ ጣት ያደነዝዛል። የአምቦዋ አባዱላ ሁለት ሰው ጎድሏት ሞተሯን አስነስታ ትጠብቃለች። ከሹፌሩ ኋላ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። ጭኔ ላይ አንድ ፌስታል ብርቱካንና ማስታወሻ ደብተሬን ይዣለሁ።

የምሄደው ጉደር ነው። እዚያ ቶላሳ የሚባል የፊዚክስ መምህር አለ። የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል። ከዚያ እኔ ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ለጋዜጣ የሳይንስ ዓምድ መጻፍ ጀመርኩ፤ እሱ እዚያው ቀረ። ዘንድሮ፣ በ2006፣ ፀሐይ ነቁጦቿ የሚበዙበት ጊዜ ላይ ናት፤ አዘጋጄም ስለዚሁ እንድጽፍ ጠየቀኝ። ወዲያው ትዝ ያሉኝ የቶላሳ የፀሐይ ሥዕሎች ናቸው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። የፀሐይ ፊት ጥርት ያለ አይደለም። ከዙሪያቸው ቀዝቀዝ ያሉ ቦታዎች አሉ፤ ከሩቅ ጥቁር ነቁጥ መስለው ይታያሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ገደማ አንዴ ይበዛሉ፣ ከዚያ ይመናመናሉ። በሚበዙበት ጊዜ ከፀሐይ የሚፈነጥቀው የቅንጣቶች ማዕበል ይበረታል። ያ ማዕበል ወደ ምድር ዋልታዎች ተስቦ ከአየሩ ጋር ሲጋጭ ሰማዩ አረንጓዴና ቀይ ብርሃን ይለብሳል። አውሮራ ይሉታል። እኛ አገር አይታይም። ቶላሳ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ የቆረጠውን የአውሮራ ፎቶ ክፍል ውስጥ ለጥፎ፣ ተማሪዎቹን አንድ ቀን አይቼው ልሙት ይላቸው ነበር።

2 ሰዓት፣ ጊንጪ

ሆለታና አዲስ ዓለም እንቅልፍና ንቃት መሐል አለፉኝ። ከአዲስ ዓለም ወዲህ ግን ዓይኔን ገልጬ ነው የመጣሁት። ግራና ቀኝ የታጨደ ማሳ፣ የጤፍ ክምር፣ ጭድ የተጫኑ አህዮች፣ አውድማ ላይ የሚዞሩ በሬዎች።

ሹፌሩ ለቁርስ አቆመልን። ጨጨብሳው ትኩስ ነው፤ ከእርጎ ጋር ሃያ ብር። ሹፌሩ ምን ልሠራ እንደምሄድ ጠየቀኝና ነገርኩት። ፀሐይ ላይ ነቁጥ መኖሩን ሲሰማ አላመነኝም። ቆይቶ ግን በቁም ነገር፣ "ታዲያ ለዝናቡ ምን ይላል እህቴ?" አለኝ። ምንም አይልም አልኩት። እንግዲያው ምን ያደርጋል ብሎ ሻዩን ጨለጠ።

5 ሰዓት ተኩል፣ ጉደር

አምቦ ላይ መኪና ቀየርኩ። መናኸሪያው ተለውጧል፣ ሕንጻ በዝቷል፤ ሰላምታው ግን ያው ነው። ግማሹ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ ያልቃል። ከዚያ ጉደር ቅርብ ነው።

ቶላሳ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከስቷል፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ትከሻዬን ይዞ ብዙ ሳመኝ። ባለቤቱ ምሳ አቀረበችልንና ወደ መዘምራን ልምምዷ ሄደች።

ከምሳ በኋላ ሥዕሎቹን ፈልጌ እንደመጣሁ ነገርኩት። ከአልጋ ሥር የሳሙና ካርቶን ጎትቶ አወጣ።

ሥዕሎቹን መጀመሪያ አብረን ነበር የጀመርናቸው። ፀሐይን በዓይን ማየት ያሳውራል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ባይኖኩላር፣ የሩቅ ማያ መነጽሩን፣ ወደ ፀሐይ አዙረን፣ በማያው በኩል የሚወጣውን ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ እንጥለው ነበር። ሰሐን ተደፍቶ የተሣለ ክብ፣ በውስጡ በእርሳስ የተነቆጡ ነጥቦች፣ ከሥሩ ቀኑ። ፀሐይ ባልወጣችበት ቀን ክቡ ባዶ ሆኖ "ደመና" ተብሎ ተጽፎበታል። እኔ ከሄድኩ በኋላም አንድ ቀን አላጓደለም። የመጨረሻው ወረቀት የሰኔ 1994 ነው። ነቁጦቹ ጉንዳን የፈሰሰ ይመስላሉ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

"ለምን ተውከው?" አልኩት።

ከካርቶኑ ታች የታጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ አውጥቶ ሰጠኝ። የራሴ ዓምድ ነው። መጨረሻው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በእስክሪብቶ ተሰምሮበታል፦ ነቁጦቹ በሚበዙበት ዓመት ክረምቱ ይሰምራል የሚሉ አሉ።

እንዴት እንደጻፍኩት አስታውሳለሁ። ዓምዱ ሁለት መስመር ጎድሎት ነበር። የሆነ ቦታ ያነበብኩትን ሳላጣራ ሞላሁበት።

ቶላሳ አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። ታናሽ ወንድሙ ገመቹ ደንዲ ወረዳ ውስጥ ገበሬ ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ቶላሳ ሥዕሎቹንና ጋዜጣውን ይዞ ሄደና፣ የዘንድሮ ፀሐይ እንዲህ ናት፣ ዝናቡ አይቆምም አለው። አባታቸው ሰኔ ይግባ፣ ጠብቅ ብለው ነበር። ገመቹ ግን የተማረ ወንድሙን ሰማ። በመጀመሪያው ካፊያ ያለውን የስንዴ ዘር በሙሉ ዘራ። ስንዴው ጣት አክሎ ሲወጣ ዝናቡ ጠፋ። ደግሞ ሲመጣ ቡቃያው ደርቋል፤ የሚዘራም የለም።

ገመቹ ሚስቱን ጫልቱንና ሁለት ሕፃናት ትቶ ለቀን ሥራ ወደ ዲዴሳ በረሃ ወረደ። ሲያልፍ ጉደር፣ ዛሬ እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ምሳ በላ። ምንም አልወቀሰውም። እንዲያውም እየሳቀ እዚያ ያለችውም ፀሐይ ያቺው ናት ወይ ብሎ ጠየቀው። በኅዳር ወባ ገደለው። ዘመድ ሳይደርስ አብረውት የሚሠሩት ቀበሩት።

"ለልቅሶ ሄድኩ" አለኝ ቶላሳ። "ከዚያ በኋላ ጫልቱን ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ለልጆቹ ደብተሩንም ልብሱንም በሰው እልካለሁ። እግሬ ግን እምቢ አለኝ።"

ነቁጦቹ የፀሐይን ሙቀት የሚለውጡት እጅግ በጥቂቱ ነው። ሊቃውንቱ በረጅም ዘመን በምድር አየር ላይ ስላላቸው ድርሻ ይከራከራሉ፤ የአንድ ወረዳን ዝናብ ግን ከነቁጥ ቆጥሮ የሚናገር የለም። ይህን ለቶላሳ ልነግረው ስጀምር አቋረጠኝ። በኋላ አንብቦ ደርሶበታል። ማወቁ ነው የባሰበት።

ነገ ደንዲ ሄጄ ለጫልቱ እነግራታለሁ አልኩት።

"ምን ብለሽ?"

"የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ።"

ቶላሳ የጋዜጣውን ቁራጭ ከእጄ ወስዶ እንደነበረው አጥፎ ካርቶኑ ውስጥ መለሰው። "ብቻሽን አትሄጂም" አለኝ።

እሑድ፣ 6 ሰዓት፣ ደንዲ

ጠዋት ከጉደር ተነስተን ጊንጪ ወረድን። ከጊንጪ በጋሪ፣ ጋሪው ከሚቆምበት አንድ ሰዓት በእግር። ቶላሳ አንድ ዛፍ ሥር ሲደርስ ድሮ አጥር እዚህ ነበር አለ።

ጫልቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። ረጅም፣ ጠንካራ ሴት ናት። እኔን እጄን ይዛ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ እስኪበቃት ጠየቀችኝ። ለቶላሳ እጇን ብቻ ዘረጋችለት፤ ፊቱን አላየችም። አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ ከጓዳ ወጥታ ወንበር አቀረበችልን። ቶላሳን "ይቀመጡ ጋሼ" አለችው። ቶላሳ ቆሞ ቀረ።

"ጋሼ አይደለም" አለች ጫልቱ። "አቤራሽ ነው። የአባትሽ ወንድም።"

ልጅቷ ደንግጣ አየችው። ቶላሳ ተቀመጠ።

እኔ ጀመርኩ። ጫልቱ አማርኛውን ከጊንጪ ገበያ ታውቀዋለች። ያንን ነገር የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እውነት መሆኑን ሳላረጋግጥ እንደጻፍኩት፣ ቶላሳ እኔን አምኖ፣ ገመቹም እሱን አምኖ እንደዘራ ነገርኳት። ይቅርታ እንድታደርግልኝ ለመንኳት።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። "አንቺን አላውቅሽም" አለችኝ፣ ድምጿ ሳይከፋ። "ከማላውቀው ሰው አልቀየምም።"

ከዚያ ወደ ቶላሳ ዞራ በኦሮምኛ ተናገረች። ሦስት ዓመት ጉደር የኖርኩ ሰው ነኝና ገባኝ። "ገመቹን ወባ ወሰደው" አለችው። "አንተንስ ማን ወሰደህ?"

"ፈራሁ" አላት ቶላሳ።

"እኔም ፈርቼ ነበር። ከሁለት ሕፃን ጋር ብቻዬን ፈራሁ። አባትህ ሲሞቱ ብቻዬን ቀበርኩ። አንተ ደብተር ላክህ።"

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ማንም ዝም በል አላለውም። ልጅቷ እናቷን እያየች ቆማ ቆየችና ውሃ በጣሳ አምጥታ እግሩ አጠገብ አስቀመጠችለት።

እርጎና ቆሎ ቀረበልን። ስንነሳ ጫልቱ ለቶላሳ፣ ነገ ጤፍ እንወቃለን፣ ሰው አንሶናል አለችው። ይቅር ማለቷ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እሱም አልጠየቃት። ኮቱን አውልቆ ግድግዳው ላይ ሰቀለ።

11 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ብቻዬን ተመለስኩ። ከጊንጪ በኋላ ፀሐይዋ ከኋላችን ነበረች፤ አንዴም ዞሬ አላየኋትም።

ሥዕሎቹን አላመጣሁም። ቶላሳ ውሰጂ ቢለኝም ካርቶኑን ከአልጋው ሥር እንዳለ ተውኩት። ስለ ነቁጦቹ የተባልኩትን እጽፋለሁ። ከሥሩም የዚያን ዓመቱን ዓረፍተ ነገር አስተካክላለሁ። አዘጋጄን ደውዬ ብጠይቀው አሥራ ሁለት ዓመት ያለፈበትን እርማት ማን ያነበዋል አለኝ። ቢሆንም ቦታ አልከለከለኝም።

አንድ ነገር ግን ከበደኝ። ይቅርታ የጠየቅሁት የገመቹን ሚስት ነው፤ እሱን አልጠየቅሁትም። ገመቹ የተቀበረው ዲዴሳ ነው። መንገዱ ከጉደር ወደዚያ ይቀጥላል፤ እኔ የተመለስኩት ግን ከጉደር ነው።