የሱሀይላ ድምፅ በዘጠነኛው ፎቅ

የኢድ ሰላት በሚሰገድበት ቀን በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ የመስጊዱ መኪና ማቆሚያ ጋ አቶ በድረዲንን ያላየ ሰው የለም። አንጸባራቂ ሰደርያ ከነጭ ጀለቢያቸው ላይ ደርበው፣ በእጃቸው ትንሽ የመነጋገሪያ ሬዲዮ ይዘው መግቢያው ላይ ይቆማሉ። ነጩን ቫን ወደ ግራ ይልካሉ፣ የጎረቤት በር የዘጋውን ያስነሳሉ፣ የዘገየውን ይቆጣሉ። ሬዲዮዎቹን የመስጊዱ ወጣቶች ናቸው በርካሽ ከኢንተርኔት ያስመጧቸው። በዓሉ ሲያልፍ ሁሉም ተሰበሰቡ፤ የአቶ በድረዲን ግን እሳቸው ዘንድ ቀረ። መልሱ ብሎ ለመጠየቅ የደፈረ አልነበረም።

እሳቸው እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ደሴ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። እዚህ መጥተው ዋሽንግተን ዩ ስትሪት አካባቢ በመኪና ማቆሚያ ተቀጥረው የሰው መኪና አቆሙ፣ ከዚያም ጉልበታቸው እምቢ እስኪል ታክሲ ነዱ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በዘጠነኛው ፎቅ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በሱቅ ሲካሰሱ፣ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ገብተው ይቀመጣሉ፤ ነገሩ ገና ግማሽ ሳይደርስ ፍርዱ ይገባቸዋል። ብዙውን ጊዜም ልክ ናቸው። ልክ መሆን ሲለመድ ግን ጆሮን ያሰንፋል።

ችግሩ የመጣው ከራሳቸው ቤት ነው። የልጃቸው የዓሪፋ ልጅ ሱሀይላ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ተወልዳ ያደገች፣ ቀን ሠርታ ማታ የምትማር ልጅ ነች። ባለፈው ዓመት እንግዳ በተሰበሰበበት ማዕድ ላይ አውሮፕላን ማብረር መማር እንደጀመረች ልትናገር አፏን ከፈተች። አያትየው ሳታስጨርስ ቀበል አደረጉና፣ «ሥራ መሬት ላይ ሞልቷል፤ ሰማዩን ለባለቤቱ ተይለት» አሉ። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ሱሀይላ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ትመጣለች፣ ጉንጫቸውን ትስማለች፣ ስለ ጤናቸው ትጠይቃለች፣ ስለ አየሩ ታወራለች። ስለ አውሮፕላን ግን አንዲት ቃል አትተነፍስም። አቶ በድረዲን የገባቸው ቆይቶ ነው። ሲገባቸውም መመለሻው ጠፋቸው። የሰው ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ ሰው የገዛ ልጅ ልጃቸውን «አስቀይሜሻለሁ» ለማለት ምላሳቸው ታሰረ።

በጸደይ አንድ ቀን ዓሪፋ ደወለች። «አባዬ፣ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ነፋሱ ደህና ከሆነ ሱሀይላ ብቻዋን ልትበር ነው። አስተማሪው ወርዶ ይቆማል፣ እሷ ብቻዋን ሦስት ጊዜ ተነሥታ ታርፋለች። ማንም እንዳይመጣብኝ ብላለች፤ እኔም አልሄድም። እንደነገርኩዎት እንዳታውቅ።»

እሺ ብለው ስልኩን ዘጉ። ቁጭ ብለው ካሰቡ በኋላ ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ከተቀመጠው ሬዲዮ ላይ አረፈ። ያ ሬዲዮ ሌላም ነገር እንደሚሰማ ያውቁ ነበር። አንድ ጊዜ ቁጥሩን ሲነካኩ የአንድ ትልቅ አውሮፕላን ካፒቴን ወደ ዋሽንግተን ናሽናል ኤርፖርት ለመውረድ ፈቃድ ሲጠይቅ ሰምተው፣ የሰው ደብዳቤ የከፈቱ ያህል ደንግጠው ዘግተውት ነበር። ሱሀይላ የምትማርበት ትንሽ ሜዳ ከእሳቸው ቤት ወደ ሰሜን በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። መስኮታቸውም ወደ ሰሜን ያያል። ሄዶ ማየት ባይፈቀድም መስማትን ማንም አልከለከለም።

ቤተ መጻሕፍት ሄደው የሜዳውን የሬዲዮ ቁጥር በኮምፒውተር አገኙ። እቤት ገብተው ቁጥሩን መቱና ጠበቁ። ጠዋት ጠበቁ፣ ከሰዓት ጠበቁ፤ ምንም የለም። የናሽናሉ ትልልቅ አውሮፕላን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የትንሹ ሜዳ ግን እንደ መቃብር ዝም ብሏል።

ለዚህ መድኃኒቱን አውቀዋለሁ አሉ። ደሴ ላይ የውጭ አገር ወሬ ለመስማት ከሱቃቸው ጣሪያ እስከ ጎረቤት ባሕር ዛፍ የመዳብ ሽቦ ወጥረው፣ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው ዜና የሚሰሙት እሳቸው ነበሩ። በእሳቸው ዘመን ይህን የማያውቅ የለም፤ ሽቦው በረዘመ ቁጥር ሩቁ ይቀርባል። ስለዚህ ሽቦ ገዝተው ከሬዲዮው አንቴና ላይ ጠመጠሙ፣ በሳሎኑ ዙሪያ አዞሩት፣ በበረንዳው አጥር ላይ ወጠሩት። ሲጨርሱም የሚያደንቅላቸው ሰው ፈልገው ዓባይነህን ጠሩት።

ዓባይነህ የጎንደር ሰው ነው። ሃያ ዓመት አብሯቸው ታክሲ የነዳ፣ በዚህ ከተማ በድረዲንን አንተ ከሚሉት ጥቂቶች አንዱ። ሽቦው አንገቱን እንዳይዘው ጎንበስ ብሎ ገባና ሬዲዮው ተከፈተ። ሙዚቃ መጣ። በሙዚቃው ላይ የመኪና ማስታወቂያ ተደረበ። በማስታወቂያው ላይ አንድ ሰባኪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ንስሐ ግቡ አለ። ቀድሞ ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረው የናሽናል አውሮፕላን እንኳ ከሥር ተውጦ ጠፋ።

ዓባይነህ ጆሮውን አስጠግቶ በጥሞና ካዳመጠ በኋላ፣ «በድሩ፣ አንተ አውሮፕላን ትጠብቃለህ፤ እነሱ ግን አንተን ነው የሚፈልጉት» አለ።

«አትቀልድ። ሽቦው አንሶ ነው።»

«አሁን በደንብ ብትወጥረው አንተኑ ያጠምቁሃል።»

አቶ በድረዲን ግን ሌላ ሽቦ ቀጠሉበት። ባሰ። ነገሩ እንደ ደሴው አለመሆኑን ያመኑት ሳምንት ከባከነ በኋላ ነው። ስድሳ ካለፋቸው በኋላ ራሳቸውን ባስተማሩት እንግሊዝኛ፣ ጣታቸውን ከመስመር መስመር እያስኬዱ ስለ ሬዲዮው የተጻፈውን አነበቡ። የዚህ ዓይነት ርካሽ ሬዲዮ በሩ ላይ ዘበኛ የለውም። ሽቦ በረዘመለት ቁጥር የሚገባው የሚፈልጉት እንግዳ ሳይሆን በጎረቤት የሚጮኸው ነው፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ደግሞ የሚጮህ ጣቢያ ሞልቷል። አብሮት የመጣችው አጭር አንቴናም የተቆረጠችው ለሌላ ሞገድ ነው። ለአውሮፕላኖቹ የሚስማማው ረጅምም አጭርም አይደለም፤ ልኩን ያወቀ ነው።

ሽቦውን ጠቅልለው አስቀመጡ። ሲስቡት የሚረዝም ዘንግ አንቴና ገዝተው፣ ክንድ ከአራት ጣት ያህል መዘዙት። ያንኑ የሚያህል ቀጭን ሽቦ ደግሞ ከአንቴናው ሥር ካለው ብረት ጋር አስረው ወደ ታች አንጠለጠሉት። ከቴሌቪዥኑና ከስልክ ቻርጀሩ አርቀው መስኮቱ ላይ አቆሙት። አንድ ነገር ቀረ። ሬዲዮው ደካማ ድምፅ ሲመጣ ጫጫታ መስሎት ራሱን ዝም የሚያሰኝበት ቁጥር አለው። ያንን ወደ ዜሮ አወረዱት። ያን ጊዜ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ጫጫታ ቤቱን ሞላው። ደካማውን ለመስማት የፈለገ ጫጫታውን መቻል አለበት።

ቻሉት። በሁለተኛው ቀን ከካፊያው ውስጥ የሰው ድምፅ ወጣ። ቀጭን፣ ሩቅ፣ ግን የሰው ድምፅ። የሜዳውን ስም ጠራ፣ የአውሮፕላኑን ቁጥር ተናገረ፣ የት እንዳለ ገለጸ፣ የሜዳውን ስም ደግሞ ጠራ። ከዚያ በኋላ ወንበራቸው ከመስኮቱ አልራቀም። ሜዳው ተቆጣጣሪ የሌለው ነው፤ እያንዳንዱ አብራሪ የት እንዳለ እየተናገረ ይሄዳል፣ ሌላው ሰምቶ ይጠነቀቃል። ነገሩ አዲስ አልሆነባቸውም። በጣርማ በር ጉም ውስጥ ጥሩምባውን እያሰማ የሚወርድ ሾፌር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቃላቸውንም አንድ በአንድ ለመዱት። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ከዛፎቹ ሲያንስ ድምፁ እንደሚጠፋ፣ ሲነሣ እንደሚመለስም አወቁ። «ጎ አራውንድ» ያለ ሰው ማረፉ አላምር ብሎት ሳያርፍ ተመልሶ ወደ ላይ የወጣ እንደሆነ ተረዱ።

ቅዳሜ ደረሰ፤ ነፋስ የለም። ዓባይነህ ሳይጠራ መጥቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ካፊያው ይወርዳል። አንድ ሽማግሌ የሚመስል አብራሪ በሜዳው ላይ ይዞራል፤ እሱ ብቻ ይሰማል። ከዚያ አንዲት ሴት ተናገረች። አነጋገሯ ፈጣን፣ ያልተንቀጠቀጠ፣ ከቃሏ አንድ ፊደል ያልጎደለ ነው።

«እሷ ናት?» አለ ዓባይነህ።

«እንጃ።»

ሴትዮዋ የአውሮፕላኗን ቁጥር ደገመች፤ ፎር ሰቨን ሊማ፣ አራት ሰባት ኤል። ዓሪፋ ባሳየቻቸው ፎቶ ላይ ሱሀይላ ክንፉን ተደግፋ የቆመችበት አውሮፕላን ጅራት ላይ የተጻፈው ነው።

«እሷ ናት» አሉ አቶ በድረዲን ቀስ ብለው። ድምፁን ግን አላወቁትም። በእሳቸው ቤት ሱሀይላ የምትናገረው እየተቆራረጠ፣ አረፍተ ነገሩ መሐል ላይ እየሞተ ነበር። አማርኛዋ ስለማይበቃት ይመስላቸው ነበር። አሁን ግን አሰቡት፤ አረፍተ ነገሯን ከአፏ እየነጠቁ የሚጨርሱት እሳቸው ነበሩ። እዚያ ላይ የሚነጥቃት የለም። የጀመረችውን ሁሉ ትጨርሳለች።

ልታርፍ መሆኗን ተናግራ ድምፅዋ ጠፋ። ካፊያው ብቻ ቀረ። አቶ በድረዲን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ቆይቶ የሱሀይላ ድምፅ ተመለሰ፤ አርፋ ተነሥታለች። ዓባይነህ አማተበ።

ሁለተኛ ዞረች፣ ልታርፍ መሆኗን ተናገረች፣ ጠፋች። ይህኛው ዝምታ ከፊተኛው የተለየ መሰላቸው። ከዚያ አንድ ቃል እየተሰነጠቀ መጣ፤ ጎ አራውንድ።

«ምን ሆነች?» አለ ዓባይነህ።

«አላረፈችም። እምቢ ብሏት ተመልሳ ወጣች።» እጃቸው ሳያውቁት የሬዲዮውን ጎን ጨበጠ፤ በኢድ ቀን የሚጫኑትን መናገሪያ ተጫኑት። «አብሽሪ» አሉ። «አብሽሪ፣ የኔ ልጅ።» ሬዲዮው ጢጥ ብሎ እምቢ አለ። በአውሮፕላኖቹ መስመር ላይ እንዲሰማ እንጂ እንዲናገር አልተሠራም። ይህን ያውቁ ነበር፤ እጃቸው ግን አላወቀም ነበር። ዓባይነህ አይቶ እንዳላየ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሱሀይላ ዞረች። ድምፅዋ ከቅድሙ ትንሽ ቀጠነ እንጂ ያው ነው፤ የት እንዳለች ተናገረች፣ ልታርፍ መሆኗን ተናገረች፣ ጠፋች። አርፋ ደግሞ ተነሣች። ለመጨረሻ ጊዜ ዞራ ወረደች። ዝም አለ። ከእንግዲህ ስለማትነሣ የምትናገረው የለም፤ በሰላም ማረፏን ግን ማን ይንገራቸው? አቶ በድረዲን ጆሯቸውን ከሬዲዮው ጋር አጣበቁ። ካፊያው ወረደ፣ ወረደ። በመጨረሻ በአየር ላይ ያለው ያ ሽማግሌ አብራሪ ተናገረ። ፎር ሰቨን ሊማን ጠርቶ፣ የመጀመሪያሽ መሆኑን ገምቻለሁ፣ ቆንጆ አድርገሽ አረፍሽ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አላት።

ዓባይነህ ደውልላት አላቸው።

«አልደውልም። ወሬው የእሷ ነው።»

«ባትነግርህስ?»

አቶ በድረዲንን ያስጨነቃቸውም ይኸው ነበር። በሰላም ማረፏን ሰምተዋል፤ ለእሳቸው መንገሯን ግን ሬዲዮ አያመጣውም።

ቀኑ ሲጋመስ ስልኩ ጮኸ። ዓሪፋ ትሆናለች ብለው አነሡት፤ ሱሀይላ ነበረች። ሰላምታዋን እንደ ወትሮው አደረሰች። ስለ ጉልበታቸው ጠየቀች። ከዚያ፣ «አባባ፣ ዛሬ ሶሎ አደረግኩ። ብቻዬን በረርኩ» አለች።

«አልሐምዱሊላህ። እስቲ ንገሪኝ።»

ጀመረች። ስለ ጠዋቱ፣ ከአውሮፕላኑ ስለ ወረደው አስተማሪ፣ ስለ መጀመሪያው ማረፍ። «ሁለተኛው ላይ ደግሞ...» ብላ ቆመች። ቀሪውን እንዲጨርሱላት የምትጠብቅ ይመስል ነበር። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጡት።

«አባባ? አሉ?»

«አለሁ።»

«ሁለተኛው ላይ ቱ ፋስት፣ በጣም ፈጥኜ መጣሁ። ሜዳው ሊያልቅብኝ ነው። ተውኩት፣ ተመለስኩ። ለማማ አልነገርኳትም።»

ያን ጊዜ እሳቸውም መደበቁን አልወደዱትም። «ሰምቼሻለሁ» አሉ። «ከመስኮቴ፣ በሬዲዮ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።»

«ማማ ነገረችዎት!» ብላ ሳቀች፤ ሳቁም ቶሎ አለቀ። «ስመለስ ሰሙኝ? የፈራሁ እመስል ነበር?»

አቶ በድረዲን እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ አጥተው አያውቁም። «አላውቅም» አሉ። «ፈርተሽ ነበር?»

ሱሀይላ ጥቂት አሰበችና መንገር ጀመረች።